ካሴት ግንባር የለውም

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 1975

የምሠራበት ካርድ ክፍል ሰልፉ እስከ አጥሩ ድረስ። አንድ ሽማግሌ «ካርዴን ጣላችሁብኝ» ብለው ሆስፒታሉን ሲያምሱ ቆይተው ካርዱ ከገዛ ኪሳቸው ተገኘ። እሳቸውም ሳቁ፣ እኛም ሳቅን።

ምሳ ሰዓት ፒያሳ፣ አባቴ ሙዚቃ ቤት ሄድኩ። አባባ ሁለቱን ቴፖች በሽቦ አያይዞ የአዳሙን ካሴት ይቀዳል። ማሲንቆ መቺው አዳሙ... የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ ሱቅ ውስጥ ማይክ ፊት ቁጭ ብሎ ዘፈነ፣ አባባ ኮት ሸለመው፣ አለቀ። ያ ካሴት ግን አላለቀም። ጎንደር አልበቃው ብሎ አይከል ገባ፣ ዛሪማ ወረደ።

ስመለስ እንደ ልማዴ የቀበሌያችን ግድግዳ ጋዜጣ ጋ ቆምኩ። ሱስ ሆኖብኛል፣ ምን ላድርግ? ማንም ሰው ሐሳቡን በብዕር ስም ጽፎ ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። የቀበሌው የባህል ኃላፊ ጓድ አድማሴ በታይፕ ይመታውና ይለጥፈዋል። ከሥሩ መልስ፣ ከመልሱ ሥር የመልስ መልስ። ባለፈው ሳምንት «ሬዲዮ ይሻላል ወይስ ቴፕ» ብለው ጀምረው፣ በዳቦ ሰልፍ ተሰዳድበው ነው የጨረሱት። አንድ «ታዛቢ» የሚባልም አለ። በሁሉም ሥር አንድ ቃል ብቻ ይጽፋል፦ «ውሸት!»

ዛሬ አዲስ ስም አየሁ። «ያገር ጉሮሮ» ይላል። «የሰው ድምፅ ቀድቶ የሚሸጥ ሌባ ነው። ዶሮ ሰርቆ ቢሆን ይታሰር ነበር።»

ሌባ? አባባ? ደሜ ፈላ። በቀበሌያችን ካሴት የሚቀዳ ሌላ ማን አለ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

መልሴ ተለጠፈ! የብዕር ስሜ «የሰፊው ጆሮ»። በቃሌ ነው የማውቀው፣ ይኸው፦

«ዘፈን የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው። ደግሞስ አዝማሪው ራሱ ምን ያደርጋል? ጠጪው ‹ተቀበል!› ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ ይዘፍነዋል። የማን ግጥም ነው ብሎ ጠይቆ ያውቃል? ከአፍ መቅዳት ካልነወረ በሽቦ መቅዳት ለምን ይነውራል?»

ሰዎች ከበው ሲያነቡ ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ። «ይሄ ጆሮ የሚሉት ሰውዬ ምላሱ ስለት ነው» አለ አንዱ። ሰውዬ! ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቄን ዋጥኩት።

ታዛቢ ከሥሩ፦ «ውሸት!»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ከሥራ በኋላ መሠረተ ትምህርት አስተማርኩ። የኔዎቹ ፊደል ጨርሰው ጋዜጣ ማንበብ ጀምረዋል። ከሁሉም እትዬ ብርቄ ትበልጣለች። ቅዳሜ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። እድሜዋ የታላቅ እህቴ ቢሆንም «መምህር» ትለኛለች፣ ስታሾፍ ይሁን ከልቧ አይታወቅም።

ዛሬ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ቀረች።

«መምህር፣ ሰው በጽሑፍ ሲሟገት እንዴት ነው የሚያደርግ?»

«ከማን ጋር ልትሟገቺ ነው?»

«ምነው፣ ሰው ጠፍቶ? ገበያ መሐል እየዋልሁ!»

አስተማርኳት። መጀመሪያ የባላጋራሽን ቃል ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ ጥቀሺ። እውነት ያለበትን እመኚለት። ከዚያ ያላየውን አሳዪው። መጨረሻ ላይ «ስለዚህ» ብለሽ ዝጊው።

«ስለዚህ... ሸጋ ቃል ናት» አለች። ደብተሯ ላይ አምስት ጊዜ ጻፈቻት። እንዲህ ያለ ተማሪ ሲገኝ ድካሙ ሁሉ ይረሳል።

ሰኞ፣ ኅዳር 20

ተመታሁ። በደንብ ነው የተመታሁት።

ጉሮሮ መልስ ሰጠ፦ «ጆሮ ሆይ፣ ‹አዝማሪው ከጠጪ ግጥም ይቀበላል› ብለሃል። እውነት ነው። ዳሩ ግን አንተ አዝማሪ የሚጫወትበት ቤት ገብተህ አታውቅም መሰለኝ። ጠጪው ግጥሙን ከሰጠ በኋላ ብሩን በምራቁ አርሶ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ካሴት ግንባር የለውም። አይከል ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ደስ ቢለው ብሩን የት ይለጥፍ? ስለዚህ ጆሮው ጠግቦ ጉሮሮው ተራበ።»

ከሥሩ ደግሞ ግጥም፦

ድምፄ በማኪና ሲገባ ዛሪማ፣
እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ሆዴ ዘፈን ሲያሰማ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የተናደድኩት... ጠጅ ቤትማ የት ገብቼ አውቃለሁ? የዐብዱረሕማን ልጅ ጠጅ ቤት! ግን እንዴት አወቀብኝ?

መልስ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ግንባር... ግንባር... ሦስቱንም ወረቀት ቀደድኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 24

ቀልዱ ቀልድ መሆኑን ተወ።

አባባ ከጁምዓ ሲመለስ ጓድ አድማሴ ሱቁ በር ላይ ጠብቆታል። ክርክሩ «የመደብ ይዘት» አለው አለ። እሁድ በውይይት ክበብ ይታያል። ሕዝቡ «ብዝበዛ ነው» ብሎ ከወሰነ ሁለቱ ቴፖች ተወርሰው የቀበሌው ንብረት ይሆናሉ።

ያለ ቴፖቹ ሱቁ ባዶ ሳንቃ ነው። አባባ በነሱ ነው አራታችንንም ያስተማረን።

«ማን ይሆን ይሄን ነገር የቆሰቆሰው?» አለኝ። «ጉሮሮውስ ይሁን፣ እውነትም ሳይኖረው አይቀር። ያ ጆሮ የሚሉት ነው እሳቱን ያቀጣጠለው። ዝም ቢል ኖሮ በሁለት ቀን ይረሳ ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ። ልንገረው? ወላሂ አፌ ድረስ መጣ። «ሻዩ ይቀዘቅዛል» ብዬ ወጣሁ። ፈሪ!

እሁድ፣ ኅዳር 26

እንዴት ብዬ ልጻፈው... ሳቄ አሁንም አልቆመም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከታዛቢ በቀር ያልመጣ የለም፣ እሱም መጥቶ ይሆናል፣ ማን ያውቀዋል? አባባ ከፊት ቁጭ ብሏል፣ ነጭ ቆቡን ደፍቶ። ጓድ አድማሴ መፈክር አሰማ። «ከውይይቱ በፊት የትግል መዝሙር እናዳምጣለን» ብሎ የቀበሌውን ቴፕ ከፈተ። ሁላችንም ብድግ አልን፣ ግራ እጅ ወደ ላይ።

መዝሙሩ ሞቅ ሲል፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ የአባባ ድምፅ፦ «ይህ ካሴት የተቀዳው ፒያሳ፣ ዐብዱረሕማን ሙዚቃ ቤት ነው!»

አባባ ሌሎች ቀጂዎች እንዳይሰርቁት በየካሴቱ መሐል እንዲህ እያለ ድምፁን ያስገባል። መዝሙር ሲያስቀዱትም ከልማዱ አስገብቶት ኖሯል። ያስቀዳው ማን? ራሱ ጓድ አድማሴ!

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ፍርፍር አለች። አለቀ። እጃቸውን እንዳነሱ የሳቁም ነበሩ። አባባ ቆቡን ወደ ዓይኑ ሳበ፣ ትከሻው ይርገፈገፋል። ጓድ አድማሴ የቴፑን ቁልፍ አጣው፣ ጭራሽ ድምፁን ጨመረው።

«ለ... ለማንቃት ሥራ የተቀዳ ሌላ ነው!» አለ። ማንም አልሰማውም።

ጸጥታ ሲሆን «ጉሮሮና ጆሮ ይውጡና ይናገሩ» አለ። ማን ይውጣ? አባባን አየሁት። ተነሳሁ።

«ጆሮ እኔ ነኝ።»

አባባ ዞሮ አየኝ። ያን ፊት አልረሳውም፣ አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ።

ከሴቶቹ መሐል ደግሞ አንዲት ሴት ተነሳች። እትዬ ብርቄ!

«ጉሮሮ እኔ ነኝ። የአዳሙ ሚስት» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «መምህር? አንቺ ነሽ እንዴ ጆሮ? እኔስ ጎረምሳ መስሎኝ!»

የኔ ተማሪ! መቺበት ብዬ በትሩን የሰጠኋት እኔው... «ስለዚህ»ን አምስት ጊዜ ያስጻፍኳት እኔው! የአዳሙ ሚስት መሆኗንስ የነገረኝ ማን አለ? መሐል አዳራሽ ቆመን ተቃቅፈን ሳቅን። ጓድ አድማሴ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

ከዚያ ተናገረች። አሁን ሳትስቅ።

«ቴፑ ይወረስ ያልሁ እንደሁ ልሳኔ ይዘጋ። ቴፑ ኸተወረሰ ማን ሊሰማን ነው? አያ ዐብዱረሕማን ባይቀዳው ባሌን ኸዚህ ሰፈር ማዶ የሚያውቀው የለም። እኔ ያልሁ ግንባር ስጡት ነው። ሌላ ምንም አላልሁም።»

አባባ ተነሳ። እንዳለቀሰ የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

«ሸጋ ተናገርሽ፣ እህቴ። ኮት ሰጥቼ ሁለት ዓመት ዝም ማለቴ ነውር ነው። ግንባር ነው የጎደለው? ግንባር ይኖረዋል። አላህ ያውቃል።»

ቤቱ አጨበጨበ። ጓድ አድማሴም «የሰፊው ሕዝብ ውሳኔ ነው» ብሎ መዘገበ። ቴፖቹ ተረፉ። አልሐምዱሊላህ!

ስንመለስ አባባ እስከ ቤት ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። በሩ ላይ «ምላስሽስ የናትሽ ነው» አለ። ከዚያ ሳቀ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

አባባ ቃሉን ጠበቀ። አዳሙን ፎቶ ቤት ወስዶ፣ ያንኑ ኮት አስለብሶ፣ ትልቅ ፎቶ አስነሳው። ሱቁ ውስጥ፣ ልክ በሰው ቁመት ሰቀለው። ካሴት የሚገዛ ሁሉ ደስ ካለው ብሩን አርሶ ፎቶው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ማታ ማታ ብርቄ መጥታ ትወስዳለች። አባባም ለሚቀዳው ለእያንዳንዱ ካሴት ራሱ ይለጥፋል፣ ሰው እያየው።

የመጀመሪያው ለጣፊ ማን ሆነ? ጓድ አድማሴ። ገባ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ምላሱን አወጣ፣ ለጠፈ፣ ሮጠ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

ግድግዳ ጋዜጣው ላይ በገዛ ስሜ ጻፍኩ። «ተሸንፌያለሁ። ዙሌይካ ዐብዱረሕማን።»

ታዛቢ ከሥሩ፦ «እውነት!»

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12

ከትምህርት በኋላ ብርቄ ቀረች። የምትሞግተው ሰው አጥታ ሰለቻት መሰለኝ ብዬ ላሾፍባት ስል ፊቷን አየሁት። ቅር ብሏታል።

«ብሩ አነሰ?»

«ብሩ መች አነሰ፣ ተባረኩ። አዳሙም እንደ ሙሽራ ሆኗል፣ በቀን ሦስቴ እየሄደ ፎቶውን ያያል።»

«ታዲያ?»

ደብተሯን ገለጠችልኝ። ግጥም፣ ገጹ ሁሉ ግጥም። ሳነብ ደነገጥኩ፣ አውቃቸዋለሁ። የካሴቱ ዘፈኖች ናቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

«መጻፍ ሳላውቅ በቃሌ ነበር የምሰጠው። ምሽት ምሽት፣ ሽሮ እያማሰልሁ። ‹ተቀበል› እለዋለሁ፣ ይቀበላል። ሰዉ የሱ ይመስለዋል። እሱም አሁን አሁን የራሱ መስሎታል መሰለኝ።»

እኔ ደግሞ «የማን ግጥም ነው ብሎ ጠይቆ ያውቃል?» ብዬ ጽፌ ነበር። ለሷ! እንዴት አንገብግቧት ይሆን? አፈርኩ።

«ንገሪዋ! ንገሪው ማለቴ ነው፣ ለአዳሙ» አልኳት፣ ምላሴ ተሳስሮ።

«ባሌን በግድግዳ ጋዜጣ ልክሰሰው?» ሳቀች። «እሱን እንኳ ቤቴ እጨርሰዋለሁ።»

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

መውሊድ። ቤታችን ሞልቶ ዋለ። አዳሙና ብርቄም ሊጠይቁን መጡ። አብረው መጡ፣ ግን አይነጋገሩም፤ ነግራዋለች ማለት ነው። እሱ ሲያስነጥስ ሳታስበው «ይማርህ» አለችው፣ ከዚያ ትዝ አላትና ፊቷን አዞረች።

ዓርብ፣ ጥር 6

ሱቅ ሄድኩ። አዳሙ ብቻውን ፎቶው ፊት ቆሟል።

«ወይዘሪት ዙሌይካ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከሷ በፊት እንዴት ነበር የምዘፍን? ላስታውስ ብዬ ሦስት ሳምንት ሞከርሁ።»

«እና?»

«አንድ ስንኝ አላገኘሁም። አንድ!» አለና ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ሳይቆይ ሳቁ መጣ። «ምን ዓይነት ሴት ናት ያገባሁት!»

እሁድ፣ ጥር 15

ዛሬ አዲሱ ካሴት ተቀዳ። አባባ ማይኩን አዘጋጀ። አዳሙ ማሲንቆውን ከመምታቱ በፊት ጉሮሮውን ጠረገና ተናገረ፦ «ግጥሙ የብርቄ ነው። የባለቤቴ። የቀደመውም የሷ ነበር።» ብርቄ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ወደ ውጭ አየች። አባባ ድምፁን መሐል ላይ ማስገባቱን ረሳው።

አርባ ካሴት ሊባዛ ነው። ሽፋኑ ላይ ስም የሚጽፈው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ፣ ወረቀትና ቢክ እስክሪፕቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ብርቄ ቢኩን ከእጄ ወሰደችው።

ቀስ ብላ፣ ምላሷን ነክሳ ጻፈች፦ «ዘፈን አዳሙ። ግጥም ብርቄ።» ሌላ አንስታ እንደገና። ሃያ ላይ ስትደርስ እጇ ደከመ፣ ጣቶቿን አሻሸች።

«እትዬ ብርቄ፣ ግማሹን ልጻፍልሽ።»

«ተይኝ መምህር። ተቀድተው ሲያልቁ የአይከል ማኪና ይዟቸው ይሄዳል። አይከል እናቴ አለች። ማንበብ አትችልም፣ ግን እጄን ታውቀዋለች... ስፌቴን ኸሰው ስፌት ትለየዋለች። ይሄንም በጣቷ ዳስሳ ‹ማነው የጻፈው?› ማለቷ አይቀርም።»

አርባውንም ራሷ ጻፈች። እኔ ወረቀቱን እየቆረጥኩ አቀበልኳት።