ከአጭሩ እግር ጎን

ጋሼ ልኬ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጽሑፌ ቢንጋደድ አይስጉ፤ በደስታ እየዘለልኩ ነው የምጽፈው።

የኛ ወርክሾፕ ወለል ጎርባጣነቱን አይደብቅም፤ የዚህን ኤግዚቢሽን ጎርባጣ ወለል ግን ምንጣፍ አልብሰውታል። የጎረቤቶቼ ጠረጴዛዎች ሁሉ እየተንገዳገዱ፣ ባለቤቶቹ ከስር ወረቀት አጣጥፈው ሲወትፉ ረፈደባቸው። የውድድሩ ዳኞች የኛንም ነቅነቅ ሲያደርጉት ተንገዳገደ! ጎንበስ ብዬ እግሩ ስር ያለችውን ማስረዘሚያ ብሎን ሁለቴ አዞርኳትና እስከ አፉ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጥኩበት። ጠብ ያለ ነገር የለም። አንደኛ ወጣን ጋሼ! የሁለት ሺህ ጠረጴዛ ትእዛዝም እዚያው ተፈረመ።

መድረክ ላይ "ይህን የፈጠረው የትኛው መሐንዲስ ነው?" ሲሉኝ የሸመደድኩት የአመራር ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። እውነቱን አወጣሁት፦ "እግሩን ሁለት ጣት አሳጥሬ የቆረጥኩት እኔ አለቃቸው ነኝ። በኛ ቤት የተበላሸ እንጨት ያበላሸው ሰው ስም ተጽፎበት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አናጺያችን ጋሼ ልኬ 'አለቃም ቢሆን!' ብለው የኔን ሰቀሉት። እሱን ሲያዩ ሲያዩ ከርመው ነው ብሎኗን ያሰቧት።" አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ያኔ አኩርፌ ሦስት ቀን ሙሉ እንዳላናገርኩዎት ግን አልነገርኳቸውም።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ ሊያልቅብኝ ነው። እትዬንና ልጆቹን ይሳሙልኝ፣ ቀለም ቀቢዎቹንም እንኳን ደስ ያላችሁ ይበሉልኝ። ከአጭሩ እግር ጎን አንድ ምስማር ይምቱ፤ ሜዳሊያው እዚያ ይሰቀላል። ከስሩ የሚጻፈው ስም ግን የእርስዎ ነው።

አኩራፊዋ አለቃዎ