በጤና ክፍሉ በር ላይ ስለተለጠፉት አሥራ ሁለት የጉንፋን ጥያቄዎች

ለተከበሩ የፋብሪካችን ጤና ክፍል ኃላፊ፤

አፍንጫዎ ሳይዘጋ፣ ጉሮሮዎ ሳይከረክር የብርዱን ወራት በሰላም እንዲዘልቁ ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ በማቀዝቀዣው ክፍል ፍራፍሬ የምለቅም ሠራተኛ ይህን ደብዳቤ ከሆስፒታል ኮሪደር እጽፍልዎታለሁ። የሰባት ወር ልጄ ከበሩ ማዶ ኦክስጅን ተደርጎለታል። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅርታዎ አይለየኝ፤ የምጽፈው ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው።

1. ከሁሉ አስቀድሞ በበርዎ ላይ ስለለጠፉት «ስለ ብርድና ጉንፋን በብዛት የሚጠየቁ ጥያቄዎች» ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጉንፋን ከቫይረስ እንጂ ከብርድ እንደማይመጣ፣ በብርድ ወራት የሚበዛውም ሰው ቤት ዘግቶ ተፋፍጎ ስለሚውል እንደሆነ ተምሬበታለሁ። በዚያው ሳምንት ሙቀት እንዳይባክን ተብሎ ልጄ የሚውልበት የፋብሪካው ሕፃናት ማቆያ መስኮቶች በምስማር ተመትተው ሠላሳ ሕፃን በአንድ ክፍል መታጨቁ፣ ትምህርቱን በተግባር ለማሳየት ታስቦ መሆን አለበት።

2. አማቴ «ልጁን ብርድ መትቶት ነው» ብለው በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ሲደርቡ፣ እኔ ወረቀትዎን ተማምኜ ስገልጥ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን። የልጁ ትንፋሽ በመሃላችን እያጠረ ነበር። ይህ የእኛው ጥፋት ነው፤ በእርስዎ አላላክክም።

3. ጡት አልይዝ ሲለኝ ልጄን ታቅፌ ወደ ክፍልዎ ሮጥኩ። ነርሷ በመመሪያዎ መሠረት ጥያቄዬ በወረቀቱ ላይ ስንተኛው እንደሆነ በጨዋ ደንብ ጠየቀችኝ። ሲተነፍስ ደረቱ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ እንደሚሰረጉድ ነገርኳት፤ ምስኪን፣ ከላይ እስከ ታች ፈልጋ አጣችው። ስለዚህ ይቀርባል ያለችውን ቁጥር አራትን፣ «ጉንፋን በስንት ቀን ይለቃል?» የሚለውን አነበበችልኝ። በሳምንት ይለቃል። ከዝርዝሩ ውጪ የሚጠይቅ ሰው ጽፎ ሳጥን ውስጥ እንዲጨምር፣ ሳጥኑም ወር ሲያልቅ እንደሚከፈት አክላ አስረዳችኝ። ወደ ሆስፒታል የሚልከው ወረቀት ያለ እርስዎ ፊርማ አይሰጥም፤ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አግዳሚው ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩዎት። የልጄ ከንፈር ሲጠቁር ያለ ወረቀት ታቅፌው ወጣሁ።

4. ፈርቻለሁ። ይህ አቤቱታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቁጥር የሰጠሁት ያለ ቁጥር የሚሰማኝ ስለሌለ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብዕሬን ጥዬ እነሣለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ አዝናለሁ። ስለ ትምህርቱም ስለ አግዳሚውም ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የማቀዝቀዣ ክፍል ለቃሚ፣ ይህን እስከጻፍኩበት ሰዓት ድረስ የአንድ ወንድ ልጅ እናት

ማስታወሻ፦ ሐኪሙ ልጁን ከእጄ ሲቀበል «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ማፈር ያለብኝ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ የገባኝ እዚህ ቁጭ ካልኩ በኋላ ነውና፣ መልሱን ሁሉም እንዲያነበው በሥራ ባልደረባዬ እጅ በፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ሰሌዳ ላይ አስለጥፌዋለሁ፤ በእርስዎ ደጅ ነበርን።