የጀልባዋ ጣሪያ ያልበዋል

ማክሰኞ

ዛሬም ነጠበ። ልክ በልጄ ግንባር ላይ። ሚስቴ ስንዱ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላትና "ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ጣሪያህ አጠመቃት" አለችኝ። ሳትስቅ ስትቀልድ እፈራታለሁ።

አፋምቦ ለአሻጋሪነት ስመጣ የጥጥ እርሻው ቤት እስኪሠራልኝ ጀልባዋ ካቢን ውስጥ እደር አለኝ። "ለጊዜው" ነበር ቃሉ። ሁለት ዓመት ሆነው። ቀን ጥጥ ለቃሚዎችን ወንዙን አሻግራለሁ፤ ሲመሽ ሦስታችን ከብረት ጣሪያው ሥር እንተኛለን። ቀን ያቃጥላል፣ ሊነጋ ሲል ያልበዋል። ልጅቷ ማሳል ከጀመረች ስድስት ቀኗ።

ስንዱ ቁርጡን ነገረችኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከነጠበ ጥጥ በሚጭነው መኪና ደጋ፣ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች።

ረቡዕ

ከመጋዘን የተጣለ ቢጫ ጥጥ ለምኜ አገኘሁ። ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቄ ጣሪያውን ከውስጥ ደረትኩት። መስኮቷንም በጨርቅ ወተፍኳት። ፍራሽ መሰለ። ስንዱ "እጅህ ይባረክ" አለች። ኮራሁ፣ ምን ይደበቃል።

ሐሙስ

አልነጠበም፤ ወረደ! ጥጡ ውሃውን ሲጠጣ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ከነጆንያው ላያችን ላይ። ደግነቱ ልጅቷ እናቷ እቅፍ ውስጥ ነበረች።

እርጥቡን ጥጥ ወንዙ ዳር ሳሰጣ ወተት የሚሸጡልን አፋሯ እማማ ፋጡማ አዩኝና ሳቁ። "ወላሂ፣ ቤት ልብሱን ከውስጥ ይለብሳል? ከላይ ነው እንጂ! ብርዱ የሚወርደው ከሰማይ ነው። መስኮቱንም ክፈት፤ ያ ውሃ የናንተው ትንፋሽ ነው።"

የገዛ ትንፋሻችን! እኔ ብረቱን ስረግም ከርሜ። የሳቸው ጎጆ ከላይ ሰሌን ለብሶ በየቀኑ ፊቴ ቆሟል፤ አይቼው አላውቅም።

ዓርብ

እማማ ፋጡማ ሁለት አሮጌ ሰሌን ሰጡኝ። የሚያስፈልገው አራት ነው። "የቀረው ነገ፣ ኢንሻአላህ" አሉ። ሁለቱን ካቢኑ አናት ላይ አስሬ መስኮቷን ከፈትኩ። ልጅቷን ሰሌን ባለበት በኩል አስተኛናት።

ስንዱ ዕቃ እየሸከፈች ነው። አልጠየቅኳትም። ምን ብዬ?

ቅዳሜ

ቀንሷል! ከሰሌኑ ሥር ሦስት አራት ጠብታ ብቻ። በእኔ በኩል ግን እንደ ልማዱ። "እይው እስቲ" አልኳት። አየችው። "ደክመሃል" አለች። ልጅቷ ሳለች። ስንዱ የሸከፈችውን ዕቃ አነሳች።

መኪናው ሦስት ሰዓት ላይ ሄደ። "ሲሻላት እንመጣለን" አለችኝ ከጋቢናው። ሹፌሩ እንዳይሰማ ይሆን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። እኔ የልጅቷን እግር ይዤ ነበር፤ መኪናው ሲነሳ ለቀቅኩ።

የቀሩት ሁለት ሰሌኖች ከሰዓት በኋላ መጡ። አሰርኳቸው። እንባዬ መጣ፣ ተናደድኩም።

እሑድ

እንደነጋ ጣሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበስኩት። አንድ ጠብታ የለም።

እማማ ፋጡማ ከዳር ሆነው "ደረቀ ወይ?" አሉኝ።

"ደርቋል" አልኳቸው። "አልሐምዱሊላህ!" አሉ፤ ከኔ ይልቅ እሳቸው ተደሰቱ።

ሰሌኑ ነው ያደረቀው ወይስ የሁለቱ ትንፋሽ ስለጎደለ ነው? አላውቅም። ለማወቅ ሦስታችን እዚህ ማደር አለብን። "ደርቋል፣ ኑ" ብዬ ልጽፍላት ወረቀት አውጥቼ እስካሁን ተቀምጫለሁ።