«አልሰረቀም በል»፦ የዓሣ አስጋሪው የአቶ ወጋየሁ ኮርሳ ሕይወት

አቶ ወጋየሁ ኮርሳ ከአባታቸው ከአቶ ኮርሳ ጉደታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኤሌኒ ማሞ በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. በሐዋሳ ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1969 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው የአባታቸውን ጀልባ ተረከቡ። ከሐይቁ ባወጡት ዓሣ እናታቸውን ጦሩ፤ ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ዱጉማን እስከ ኮሌጅ አስተማሩ።

በ1980 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፀሐይወርቅ ቸኮል ጋር ጋብቻ መሥርተው ሚሳኤልንና ሚካልን አፍርተዋል።

አቶ ዱጉማ የአስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነው በተመረጡ በዓመቱ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ጫጩት ዓሣ ሳይቀር ጠርጎ የሚያወጣ የተከለከለ መረብ ለአባላት ማደል ጀመሩ። አቶ ወጋየሁ በስብሰባ ላይ ተነሥተው «ጫጩቱን ዛሬ ከጨረስነው ነገ ምን ልናሰግር ነው?» ሲሉ ጠየቁ። በማግስቱ ከወንድማቸው ጀልባ ላይ መረቡን አንሥተው ለመንግሥት አስረከቡ። አቶ ዱጉማም በማኅበሩ ፊት ታላቅ ወንድማቸውን ሌባ ብለው አስባረሩ። የአቶ ወጋየሁ ጀልባም በመጥረቢያ ተፈልጦ ተገኘ። ማን እንደፈለጠው የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም በዚህ ድንኳን ተቀምጠዋል።

አቶ ወጋየሁ በ1998 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው አዲስ አበባ፣ ላፍቶ ገቡ። መካኒሳ ላይ ዓሣ ቤት ከፍተው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ቆመው ዓሣ በለቱ። ቁጡ ነበሩ፤ አንደብቅም። መዳፍ የማያክል ቆሮሶ ዓሣ ይዞ የመጣን ነጋዴ ከነሳጥኑ ያባርሩት ነበር። እሑድ እሑድ ልጆቻቸውን ቢሾፍቱ እየወሰዱ መንጠቆ አያያዝ አስተምረዋል። ሐዋሳን ግን ዳግም አላዩም።

በኩላሊት ሕመም አልጋ ከያዙ በኋላ፣ ባለፈው ሐምሌ፣ አቶ ዱጉማ ሽማግሌ ይዘው መጡ። አቶ ወጋየሁ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሌባ ባልከኝ ቦታ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ቆመህ፣ አልሰረቀም በል።» አቶ ዱጉማ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ትናንት የላኩትን የአበባ ጉንጉን ቤተሰቡ አልተቀበለም።

አቶ ወጋየሁ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ወንድማቸውም አሉ።

አልሰረቁም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን። ለእኛም ይቅር የምንልበትን ልብ ይስጠን፤ ዛሬ የለንም።

ልጆቻቸው