ዝም ያሰኛችሁት መሣሪያ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣ ለዶክተር ሙኒብ፤
ዳምየታ፣ ግብፅ

አላህ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥዎ፤ እርስዎም ሆኑ ቤተሰብዎ በዚያ ሆስፒታል ለመተኛት የማትገደዱበት ዕድሜ ያድርግላችሁ። እኔ በልብ ሕሙማን ክፍል መስኮት ዳር ተኝቶ የሞተው የአናጢው የሸሃታ ሚስት፣ ኢንሺራህ ነኝ። የለቅሶው ወንበር ገና ሳይነሳ ጥፋተኛዋን ስላገኙልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥፋተኛዋ ሪሃም የምትባል፣ ሥራ ከጀመረች ሳምንት ያልሞላት ነርስ መሆኗን ነግረውኛል፤ እሑድ ኮሚቴ ፊት ቀርባ የሙያ ፈቃዷን እንድትነጠቅም እኔ ከሳሽ ሆኜ እንድፈርም ጠይቀውኛል። ከመፈረሜ በፊት ግን የማቀርባቸው ጥቂት ምስጋናዎች አሉኝ።

አንደኛ፣ ለአዲሶቹ ነርሶች ስላደረጉላቸው አቀባበል አመሰግናለሁ። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ በሳህን ቀርቦላቸው፣ አበባ ታድሏቸው፣ ከእርስዎ ጋር ፎቶ ተነስተው ሲያበቁ በማግስቱ ክፍሉ ለሪሃም ለብቻዋ ተለቀቀላት። ከጎኗ ሆና እንድታለማምዳት የተመደበችው ነባር ነርስ ሌላ ፎቅ ላይ ሰው ጎድሎ ተወስዳ ነበር። ዋናዋን ነርስ ብጠይቃት፣ «እኛንስ ማን አሳየን? ጥለውን ሄዱ፣ እያለቀስን ለመድን» አለችኝ። ማን ማን ሞቶባቸው እንደለመዱ አልጠየቅኳትም፤ መልሱን ፈራሁት።

ሁለተኛ፣ ስለ መስኮት ዳሩ የልብ መከታተያ መሣሪያ አመሰግናለሁ። ያለ ምክንያት እየጮኸ አስታማሚውን ሁሉ ስለሚያስደነግጥ ነባሮቹ ድምፁን ዘግተው በዓይናቸው ብቻ ይከታተሉት እንደነበር፣ ለካ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጀምሮ የማያውቅ የለም። ያላወቀችው ሪሃም ብቻ ናት። ችግር ሲኖር ይጮኻል ተብላ ተምራለችና፣ ጀርባዋን ሰጥታ የጎረቤት አልጋውን ሽማግሌ ስታጥብ ሸሃታ ከኋላዋ ነፍሱ ወጣች።

ለቅሶ መጥታ ነበር። ሴቶቹ «በምን ዓይኗ ልታየን መጣች!» ሲባባሉ ሰምታ ነው መሰለኝ፣ ደጃፉን ማለፍ አቃታት፤ እኔው ወጥቼ እጇን ብይዛት፣ «ሐጃዬ፣ መሣሪያው ዝም ሲል ደህና ናቸው ብዬ ነው» አለችኝ። እናቷ እንደነገረችኝ አሁን የተኛ ሰው ካየች ማለፍ አትችልም፤ ታናሽ ወንድሟ ሸለብ ባደረገው ቁጥር እጇን አፍንጫው ሥር ታደርጋለች፣ ልጁም መተኛት ፈርቷል። እኔም ቤቴ ጸጥ ሲል ስለሚያስፈራኝ ሬዲዮኑን አላጠፋውም። የሚያወራው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ያውራልኝ። ባሌን በጣም እወደው ነበር፣ ዶክተር።

ሦስተኛውን ምስጋና እሑድ ይዤ እመጣለሁ። ከሳሽ ያስፈልጋችኋል ብለውኛልና ከሳሽ ሆኜ እቀርባለሁ፤ በተከሳሹ ስም ላይ ብቻ ነው ያልተስማማነው።

ውድ ጊዜዎን የተሻማሁ፣ ውለታዎን እስክሞት የማልረሳ፣
ኢንሺራህ፣ የሸሃታ ሚስት

ማስታወሻ፦ ትናንት የባሌን ነጠላ ጫማ ልወስድ ክፍሉ ገብቼ ነበር። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል፤ አጠገቡ ሌላ አዲስ ልጅ ብቻዋን ቆማለች፤ መሣሪያው አሁንም ዝም እንዳለ ነው። ድምፁ የተዘጋ መሆኑን ነገርኳት፤ ደንግጣ ከፈተችው። አዲስ ነርሶችን የማለማመዱን ሥራ ስለጀመርኩልዎ ምስጋና አያስፈልግም።