ውሃ ላይ የከረመችው ታንኳ

ሔራን፣
በጧቱ ጀልባ ወደ ዘጌ፣ አባቴ ዘንድ ሄጃለሁ። ቁልፉን ለአከራያችን ለእትዬ ወለላ ሰጥቻለሁ። ውሃ ከመጣ በርሜሉን ሙዪው፤ እንዳለፈው ቧንቧውን ከፍተሽ እንዳትወጪ።

«የወንጀል ፊልሜ ይሸለማል ወይ?» ብለሽኝ ነበር። ይሸለማል። ግድያው ልብ ያንጠለጥላል፤ ሐይቁም ሲነጋ አምሮበታል። ትናንት ሰው ፊት «እንከን የለውም» ያልሁት ግን ውሸት ነው። ለዚያ ይቅርታ።

ገዳዩ ታንኳዋን አራት ቀን ውሃ ላይ ትቷት ይከርማል፤ በአምስተኛው ዘሎ ገብቶ ያመልጥባታል። ከደንገል ሣር የታሰረች ታንኳ በየቀኑ ወጥታ ፀሐይ ካላገኘች ውሃ ጠጥታ እንደምትከብድ፣ ኋላም እንደምትበሰብስ ቀረጻው ላይ ነግሬሽ ነበር። «አዲስ አበባ ያለ ዳኛ ይህን በምን ያውቃል?» አልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ አያውቅም።

አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ማምለጫውን የቀረጻችሁት በሌላ ታንኳ ነው። አባቴ ያዋሱሽን፣ አራት ቀን ውሃ ላይ ከርማ ስለከበደች፣ ለአምስት ሆናችሁ ጎትታችሁ ነው ያወጣችኋት።

ፊልሙ ሲያልቅ ከተዘረዘሩት መሃል የአባቴን ስም ፈለግሁ። ምሳ ያመጣችልን ሴት እንኳ ተጽፋለች። እሳቸው የሉም።

ለቅዳሜው ሽልማት የጠየቅሽኝን ቀሚሴን ተኩሼ አልጋሽ ላይ አድርጌዋለሁ። ዚፑን ቀስ ብለሽ ሳቢው።

አባቴ ታንኳዋን ዛሬም አጥሩ ላይ አስደግፈው ፀሐይ በዞረች ቁጥር ያገላብጧታል። ትደርቃለች ብለው።

ትንቢት