የዳኒ ቴፕ ለምን ይግላል?

ሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን 1971

ዛሬም ግሎ አገኘሁት። ከፋብሪካ ስምንት ሰዓት ላይ ገብቼ ጀርባውን ብነካው አቃጠለኝ። ካሴቱን ሳጫውተው ድምፁ ይጎተታል፤ ወንድሜ ዳኒ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳይሆን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ መሰለ።

ቴፑን ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ የገባ ገዝቶ ያመጣው ራሱ ዳኒ ነው። ያን ቀን ሲሞክረው የቀዳው ሩብ ሰዓት የማይሞላ ወሬ አለ። ቴፑን በገዛ በሁለተኛው ወር አብዮት ጠባቂዎች ወሰዱት። ሬሳውን አልሰጡንም፤ ለቅሶም እንዳንቀመጥ ከለከሉን። ፎቶዎቹን ፈታሾቹ ለቃቅመው ሄዱ። ካሴቷ የተረፈችው «የሠርግ ዘፈን» ተብሎ ስለተጻፈባት ነው። ሌላ ላይ እንዳልገለብጣት ሁለተኛ ቴፕ የለኝም። ለሰው እንዳልሰጥ ደግሞ ማን ይታመናል?

እማዬን ጠየቅኋት። «በቀን አንዴ ነው የምሰማው፣ እሱም ቀስ አድርጌ» አለች። ቀስ ካላለችማ ጉድ ነው። ግድግዳ የሚጋራን ጓድ ግርማ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው፤ ሲያስነጥስ እንኳ «ይማርህ» ለማለት ከቤት መውጣት አያስፈልገንም።

ማክሰኞ

ፈታሁት። አቧራውን በብስክሌት ፓምፕ ነፋሁ፣ ሞተሩ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግሁ፣ ክሩን የሚያዞረውን ጎማ ጠረግሁ። ከሥሩ አየር እንዲገባ አራት ቡሽ አስቀመጥኩለት። ለአንድ ሰዓት ባዶውን አዞርኩት፤ ደህና ነው። ጎበዝ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጎበዝ አይደለሁም። ስገባ ያው እሳት ነው።

ካሴቷን አውጥቼ ማሽኑን ብቻ ቴፕ ጠጋኙ አብዲ ዘንድ መጋላ ገበያ ወሰድኩት። የጫት ምርቃናው ላይ ነበር፤ ግን እጁ አይሳሳትም። እስኪመሽ ሲያጫውተው ቆየ።

«አቦ አስቱ፣ ይቺ ማሽን ካንቺ የተሻለ ጤና አላት፣ ወላሂ! ችግሩ ቤታችሁ ነው። ምን ታለብሷታላችሁ?»

«ዳንቴል» አልኩት አፍሬ።

«አውልቁላታ! ድሬ ላይ ማን ይለብሳል?»

እማዬ የሠራችውን ዳንቴል ገፍፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። አኮረፈች።

ሐሙስ

ዛሬ በላው! ክሩ ተጨማድዶ ከማሽኑ አፍ ተንጠልጥሎ አገኘሁት፤ የካሴቱ ፕላስቲክም በሙቀት ጠርዙ ጎብጧል። በእርሳስ እየጠቀለልኩ መለስኩት። ዳኒ ስለ ጫማው የሚቀልድበት ቦታ ላይ አንድ ሁለት ቃል ጠፋ። ምን እንደነበረ ላስታውስ ብል አልመጣልኝ አለ። ሺህ ጊዜ የሰማሁትን!

እማዬ ላይ ጮህኩ። «አንቺ ነሽ የምትጨርሺው!» አልኳት። ራት ሳንበላ አደርን።

ዓርብ

ፋብሪካው ጥጥ አልቆበት በአምስት ሰዓት ተኩል አሰናበተን። ስደርስ አገሩ ሁሉ በሩን ዘግቶ ሙቀቱን ተኝቶ ያሳልፋል። የእኛም በርና መስኮት ጥርቅም ብሏል። አልጋው ላይ እማዬ ከደጋ ይዛው የመጣችው ወፍራም ብርድ ልብስ ተቆልሏል፤ ቁልሉ ይንቀሳቀሳል። ከውስጡ የዳኒ ድምፅ፦ «እማዬ፣ አንድ ነገር በይ እንጂ፣ ይቀዳል!»

ዳኒ በቀዳ ቀን እማዬ አፍራ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። ቴፑ ላይ ያለው ዝምታዋ ነው። ዛሬ ግን መለሰችለት።

«በላህ ወይ የኔ ልጅ?»

ዳኒ «እሺ ተዪው፣ ሌላ ቀን» አለ።

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ቴፑን እቅፍ አድርጋ፣ ላብ አጥምቋታል። «ግርማ እንዳይሰማ ብዬ ነው» አለችኝ፣ እንደተያዘ ሌባ። ለካ እኔ ከመምጣቴ በፊት በየቀኑ አጣጥፋ ታስቀምጠው ነበር።

እኔ ደግሞ ቡሽ እደረድራለሁ። እናት የልጇን ድምፅ ለመስማት በድሬ ፀሐይ ብርድ ልብስ ውስጥ ትቀቀል? ይህን ያመጣብን ሁሉ አይቅናው! ትናንት መጮኼ ቆጨኝ። እግሯን ይዤ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ብርድ ልብሱን ከግርማ ጋር በምንጋራው ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀልኩት። ቴፑ ጠረጴዛ ላይ፣ ራቁቱን። አብረን ሰማን። ስነካው ለብ ብሏል፣ ከዚያ አላለፈም። ድምፁም ተስተካከለ።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግርማ በሩ ላይ ቆሟል።

«ትናንት በስድስት ሰዓት ማን ነበር?»

«ሬዲዮ ነው ጓድ።»

«ሬዲዮ ‹እማዬ› ይላል?»

ግርማ ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከስድስት እስከ ስምንት እኔ ቤት አልኖርም» አለ፤ ገብቶ በሩን ዘጋ።

አዘነልን? ወይስ ሊያጠምደን ነው? የሰውዬው ፊት አይነበብም። ለእማዬ ነገርኳት፤ ለጥቂት ቀን እንተወው፣ ካሴቷንም እንቅበራት አልኩ።

«እሱ ከሌለ» አለች፣ «ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ። በደንብ ሰምቼው አላውቅም፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከፍ አደረግሁላት። ከዚያ ጆሮዬን ብርድ ልብሱ ላይ ለጥፌ የግርማን ቤት አዳመጥኩ።